የዮንግ ጭረቶች

በቻይና የብሩሽ ጽሕፈት የሚማር ሰው ከሚለማመድባቸው ፊደላት አንዱ ዮንግ ነው፤ ትርጉሙ «ዘላለም»። መዝገበ ቃላት ለዮንግ የሚቆጥርለት 5 ጭረት ነው። የቁም ጽሕፈት መምህራን ግን 8 ነው ይላሉ። ሁለተኛውን ጭረት ብንወስድ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ታጥፎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ወደ ግራ ይቆለመማል። ብሩሹ ከወረቀቱ ስላልተነሣ መዝገበ ቃላቱ አንድ ይለዋል፤ እጁ ግን ሦስት የተለያየ ሥራ ስለሠራ መምህሩ ሦስት ይለዋል። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ።

አናቱ ላይ ያለችው ነጥብ ቀላል ትመስላለች። ብሩሹን ጣል አድርጎ ያነሣ ሰው ግን ያገኘው የፈሰሰ ቀለም ነው። የለመደ እጅ የብሩሹን ጫፍ መጀመሪያ ሊሄድ ካሰበበት በተቃራኒ ያስነካዋል፤ ወዲያው መልሶ ወደ ቀኝ ታች ይጫነዋል፤ ሲጨርስም ወደ መጣበት ጠቅለል አድርጎ ያነሣዋል። ሹሉ ጫፍ በጭረቱ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ዓይናችን የሚያየው አንዲት ጥቁር ነጥብ ነው፤ ውስጧ ግን መሄድም መመለስም አለ። የዚህ ጥበብ ቁም ነገር ሁሉ እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ ጭረት የሚያምረው ጫፍና ጫፉ ላይ በተደበቀው ሥራ ነው።

አግድሙ ጭረት በጥንቱ የሙያ አጠራር ልጓም መሳብ ነው፤ ወደ ቀኝ ትንሽ ከፍ እያለ ይሄዳል እንጂ አይጋልብም። ቁልቁል የሚወርደው ደግሞ በቀስት ስም ይጠራል፤ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ካለ ሕይወት የለውም፣ እንደ ተወጠረ ነገር በጥቂቱ መለመጥ አለበት። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ከመሐል ቀጥኖ ይነሣና ወደ ቀኝ ታች ሲወርድ ብሩሹ ቀስ በቀስ እየተጫነ ይሰፋል። በጣም የሰፋበት ቦታ ላይ ቆም ይላል፤ ከዚያ እየተነሣ ወደ ጎን ይወጣና በሹል ያልቃል። ያቺን ቦታ «እግር» ይሏታል፤ ታችኛው ጠርዟ እንደ ውስጥ እግር ልሙጥ መሆን ይገባዋል። ጀማሪ ቶሎ ያነሣና ጅራት ያወጣል፣ ወይም ቆይቶ ያብጥበታል።

ቀለሙ ከጥድ ጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ ተጋግሮ የደረቀ ዱላ ነው፤ ድንጋይ ላይ በውኃ ይታሻል። የእኛም የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ስለሚያዘጋጁ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ መጻፊያው ላይ ነው፤ የመቃ ብዕር የሚያወጣው ስፋት በአቆራረጡ የተወሰነ ነው፣ የፍየል ጠጉር ብሩሽ ግን በተጫኑት ቁጥር ይሰፋል፣ ሲያነሡት ይቀጥናል። የአንሁዊ ክፍለ ሀገር የሹዋን ወረቀት ደግሞ ቀለሙን ወዲያው ስለሚጠጣ ያመነታ እጅ ጠቃጠቆ ትቶ ያልፋል። ደግሞ መነካካት አይፈቀድም፤ ቢነካካም ያስታውቃል።

ዮንግ የተከበረበት አንዱ ምክንያት ጸሐፊው ዋንግ ሺጂ ነው። በ353 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በዛሬዋ ሻኦሺንግ አቅራቢያ፣ ላንቲንግ በተባለ ቦታ ከወዳጆቹ ጋር ወንዝ ዳር ወይን እየጠጡ ግጥም ሲገጥሙ ዋሉ፤ እሱም ለግጥሞቹ መግቢያ ጻፈ። የጽሑፉ የመጀመሪያ ፊደል ዮንግ ነው። በ324ቱ ፊደላት ውስጥ አንድ ፊደል 20 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ አንዱም ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ዋናው ቅጂ ጠፍቷል። ዛሬ ቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለው ፌንግ ቼንግሱ የተባለ ገልባጭ ሠርቶታል የሚባለው የታንግ ዘመን ግልባጭ ነው። ገልባጮች ወረቀት ደርበው የየፊደሉን ዳር በቀጭን መስመር ካወጡ በኋላ ውስጡን በቀለም የመሙላት ዘዴ ነበራቸው። በዚህ ግልባጭ ላይ የብሩሹ ጠጉር ተሰንጥቆ የተወው ነጭ ፍንካች ሳይቀር ይታያል፤ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶም ሌላ ሰው በአንዲት ቅጽበት እጁ ምን እንዳደረገ በዓይናችን እንከተላለን።

ለዮንግ የሚሰጠው ክብር ግን በዝቷል ባይ ነኝ። አራት ማዕዘን ተዘግቶ ሣጥን የሚሠራበት ቦታ የለውም፤ የቻይና ፊደላት ደግሞ በሣጥን የተሞሉ ናቸው። ዮንግን ያሳመረ ተማሪ «አፍ» የሚለውን ባለ ሦስት ጭረት ሣጥን ሲጽፍ ማዕዘኑ ይጣመምበታል። ፊደሉን ብቻውን ማወቅም ሥራ ላይ ለማዋል አይበቃም። በግራው ሦስት የውኃ ነጥብ ሲጨመርለት «መዋኘት» ይሆናል፤ ያኔ ሙሉውን ካሬ ይዞ የነበረው ፊደል ለጎረቤቱ ቦታ ለቆ መክሳት አለበት፣ የመጨረሻው ጭረት ግን ወደ ቀኝ መውጣቱን አይተውም። «ዛፍ» የሚለው ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፎ «ደን» ሲሆን ደግሞ የግራው ዛፍ ያንን ባለ እግር ጭረት ጨርሶ ያጣል፤ በቦታው አጭር ነጥብ ያርፋል፣ ቀኙ ብቻ እግሩን ይዘረጋል። ሁለቱም ቢዘረጉ ይጋጫሉ። ጥሩ ጸሐፊ ገና የግራውን ሲጀምር ለቀኙ የሚተወውን ቦታ ለክቶ ጨርሷል።