ስለ «ቀዝቃዛ ካንዴላ» አተረጓጎም

ካንዴላ በሐዋሳ ጋራዦችም ሆነ በሌሎች ከተሞች የጸና ቃል ነው፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ፍችው ሻማ ነው። ስለዚህ «የብልጭታ መሰኪያ» የሚል አዲስ ስያሜ ማውጣት አያስፈልግም እንላለን። በፊዚክስ የብርሃን መለኪያ ስም መሆኑም እክል አይሆንም፤ ዐውዱ ይለያቸዋል።

የሚያሳስበን «ቀዝቃዛ» እና «ሙቅ» የተባሉት ቅጽሎች በቃል በቃል ትርጉም መግባታቸው ነው። አንባቢው ብልጭታው የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የሸክላው ጫፍ ሙቀትን ወደ ሞተሩ ራስ የሚያሳልፍበት ፍጥነት ነው፤ አጭር ጫፍ ቶሎ ያሳልፋል፣ ረጅም ጫፍ ይይዛል።

ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ናይትረስ ኦክሳይድ የተጨመረበት ሞተር፣ ጋዙ ሲፈርስ በሚለቀው ኦክስጂን ብዙ ቤንዚን ስለሚያቃጥል እጅግ ይሞቃል። ሙቀት የሚይዝ ካንዴላ ከገባበት ጫፉ ይግልና ነዳጁን ያለጊዜው አቀጣጥሎ ፒስቶኑን ሊያቀልጥ ይችላል። ቁጥርም ብቻውን አያድንም፤ በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው «ቀዝቃዛ»፣ በቦሽ ግን «ሙቅ» ይሆናል።

«ካንዴላ ማንበብ» የሚለው ግን ይጽና፤ ምልክት መፍታት ነውና። ግራጫማ ቡኒ ጫፍ ደኅንነትን፣ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን መብዛትን፣ ነጭና የቋጠረ ጫፍ ከልክ ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ሐዋሳ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ስለዚህ ተርጓሚው የውጭውን ሰንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ አይበቃውም።

የምናቀርበው አማራጭ «ሙቀት አሳላፊ» እና «ሙቀት ያዥ» የሚል ነው። ሁለቱም የካንዴላውን ሥራ ይናገራሉ፤ መካኒኩንም አያሳስቱም።