ተራራውና መስኮቱ፦ የልጅነት ቴሌቪዥን ትዝታና የቡለን ምድር

ስለ ልጅነት ዘመን ቴሌቪዥን የሚነገረውና የሚጻፈው ትዝታ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ መጥቷል። በየቃለ ምልልሱና በየግለ ታሪኩ አንድ የከተማ ትውልድ ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ፣ ከእናቱ ጓዳና ከትምህርት ቤቱ ደወል ቀጥሎ የሚያነሣው የጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥንን መስኮት ነው። ትዝታው ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭ በመሆኑም ሳይመረመር ያልፋል። ሒስ ግን ከትዝታው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል። በዚያ መስኮት ውስጥ ተራራው፣ ገደሉና ዱሩ ምን መልክ ነበራቸው? «የሁላችን ልጅነት» የሚባለውስ በእርግጥ የማን ልጅነት ነው?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ሥርጭቱ በመጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የሚያልፍ አልነበረም። ከዚያው ከጅምሩ አንሥቶ ልጆችን በመስኮቱ ፊት ያስቀመጠው ሰው ተስፋዬ ሣህሉ ነው፤ ልጅ አዋቂው ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» ያለው። ተስፋዬ ከቴሌቪዥን በፊት የመድረክ ሰው ነበር። ሴቶች ወደ ትያትር መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ተላብሶ ተጫውቷል፤ ኮሪያ ድረስ ዘምቶ ለኢትዮጵያ ወታደሮች የኪነት ትርኢት አሳይቷል። «የልጆች ጊዜ» የተባለውን ዝግጅቱን ለ42 ዓመታት ያህል መርቶ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

የዝግጅቱን ጥበብ ለመመዘን በመጀመሪያ ያልነበረውን መቍጠር ያስፈልጋል። ተራራ አልነበረም። ወንዝ አልነበረም። ጫካ አልነበረም። የነበረው አንድ ተራች፣ በዙሪያው የተቀመጡ ልጆችና የስቱዲዮ ግድግዳ ብቻ ነው። ያም ሆኖ በተረቱ ውስጥ ጅቡ ከገደል አፋፍ ሲጮኽ ገደሉ ይታይ ነበር፤ ዝንጀሮው ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ሲዘል ቋጥኙ ነበር። ድምፁን ዝቅ ሲያደርገው ጫካው ይጠቍራል፤ ዐይኑን ከፍቶ ቀና ሲል ሰማዩ ይሰፋል። ይህ ተስፋዬ ከመድረክ ይዞት የመጣው ሀብት ነው፤ ባዶውን ወለል በቃልና በአካል ሞልቶ፣ የቀረውን ለተመልካቹ ምናብ የመተው ልማድ። ካሜራው ምንም ሊጨምርለት አልቻለም፤ ደግነቱ ምንም አልቀነሰበትም። በጥቁርና ነጭ ቱቦ ፊት የተቀመጠው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ከእንጦጦ ወዲያ ያለውን አገር ሳያይ፣ የራሱን ተራራ ሠርቶ ወደ መኝታው ይሄድ ነበር። ዛሬ ጎልማሳው «ያ ተረት» ብሎ በናፍቆት የሚያነሣው እንግዲህ በከፊል ራሱ የሠራውን ተራራ ነው።

ከተረቶቹ መጨረሻ ይከተል የነበረው ምክር ግን እንደ ታሪኩ አልዘለቀም። ብዙዎች ጅቡን ያስታውሳሉ፤ ምክሩን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ለልጆች የሚጽፍ ሁሉ ይህን ልብ ቢለው አይጎዳም።

ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ፣ ኢሠፓ በተመሠረተበት ወቅት ነው። ከቀለሙ ጋር ካሜራውም ቀስ በቀስ ከስቱዲዮ ወጣ፤ ተራራውም በራሱ መልክ ወደ መስኮቱ ገባ። አንድ ሰው ድል ይሆናል ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ድምፃዊው በአረንጓዴ ጉብታ ላይ ቆሞ ይዘፍናል፤ ከኋላው ሸንተረሩ ተዘርግቷል፤ ጉብታው የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንደሚያርሰው፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ አይታወቅም። ግጥሙ ስለ ጎጃም ሲያወራ ምስሉ የሸዋ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠይቅ የለም። በስቱዲዮ ውስጥ በቃል ብቻ ሕያው የነበረው ተራራ፣ በአካል ሲመጣ የግድግዳ ምንጣፍ ሆነ። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፤ መልክዓ ምድርን እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ገጸ ባሕርይ ያልቈጠረው አዘጋጅ ነው።

የውጭዎቹ ፊልሞች ደግሞ በተቃራኒው በኩል ይሳሳታሉ። የብሪታኒያው ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳየው «ፕላኔት ኧርዝ» የተባለ ተከታታይ ፊልም፣ ስለ ተራሮች በሚተርከው ክፍል የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ ጫፍ ይታያሉ። አነሣሡ እጅግ ውብ ነው፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን በዚያ ከፍታ ለዘመናት ገብስ የዘራውና ከብት ያሰማራው ገበሬ የለበትም። ተራራው ሰው ረግጦት የማያውቅ ይመስላል። እዚህ ላይ የአማርኛን ቃል መመርመር ይጠቅማል። ቋንቋችን «ዱር» አለው፣ «ጫካ» አለው፣ «በረሃ» አለው። ሰው የሌለበትን መሬት ግን ብዙ ጊዜ «ጠፍ» ይለዋል። ጠፍ መሬት ባለቤት ኖሮት የጠፋበት፣ ታርሶ የተተወ ነው። ቃሉ ባዶውን መሬት ባየ ቍጥር የሄደው ሰው የት እንደ ደረሰ ይጠይቃል።

ይህን ጥያቄ በፊልም ከጠየቁት መካከል ኃይሌ ገሪማን የሚያህል ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተሰኘው የጥቁርና ነጭ ፊልሙ፣ ሸንተረሩ የሚታየው በገበሬው ትከሻ በኩል ነው። ካሜራው ልጅቱ ከብቶቿን ስትነዳ፣ አባት በሬውን ሲጠምድ ሳይቸኩል ያያል፤ ትዕግሥቱ አንዳንድ ተመልካች ያሰለቻል። ፊልሙ ግን ርቀትን በዐይን ሳይሆን በእግር ያስለካል። ውበቱ ከድካሙ አይነጠልም። ልጆች በየማታው በሚያዩት መስኮት እንዲህ ያለ ዐይን ቢኖር ኖሮ፣ የዛሬው ናፍቆት ሌላ ጣዕም በኖረው ነበር።

አሁን ወደ ቡለን። ቡለን ድባጤን፣ ወምበራንና ማንዱራን ጎረቤት አድርጎ በመተከል የሚገኝ ወረዳ ነው፤ አገሩ ከጎጃም ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ምድር ላይ ነው። ሽመል የሚበቅልበት፣ ዝናቡ ሲገባ ጭጋግ ከሸለቆ የሚነሣበት አገር ነው። ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ አገውና ኦሮሞው አብረው ኖረውበታል። የሺናሻ ቋንቋ ዘመዶች ከዓባይ ማዶ እስከ ከፋ ድረስ ያሉ መሆናቸው ብቻውን፣ ስለ ሰዎች ጉዞ ለልጆች የሚነገር ትልቅ ታሪክ ይወጣዋል። ለእንዲህ ያለ አገር ልጅ፣ የ1960ዎቹ «የልጆች ጊዜ» የልጅነት ትዝታው ሊሆን አይችልም፤ መስኮቱ አልደረሰውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቴሌቪዥን ወደ ብዙ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ እንኳ የገባው «ፕላዝማ» ሆኖ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ተማሪው ጥያቄ ቢኖረው የማይጠብቅ መምህር። የአዲስ አበባው ልጅ ተራራ የሌለው መስኮት ነበረው፤ የመተከሉ ልጅ ደግሞ መስኮት የሌለው ተራራ። ሁለቱን ያገናኘ ዝግጅት አልተሠራም።

በመስከረም የሺናሻ የዘመን መለወጫ «ጋሪ ዎሮ» ሲደርስ ካሜራ ይመጣል፤ ጭፈራውን አንሥቶ ይመለሳል። ይህ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን የቡለን ስም በመላው አገሪቱ መስኮት ላይ ጎልቶ የወጣው በበዓል አይደለም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ማለዳ ተገደሉ። ከመተከል የተፈናቀሉት በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ቻግኒ አጠገብ በመጠለያ ሰፈሩ፤ ትተውት የሄዱት እርሻ ጠፍ ሆነ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ልጅ ቡለን የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በዚያ ሳምንት ከሆነ፣ በአእምሮው የተሣለው ተራራ ምን ዓይነት ነው? ወሬ ነጋሪው ዜናውን መንገሩ ግዴታው ነው፤ ጥያቄው ከዜናው በፊት ምን ነበር የሚለው ነው። ስለ አንድ አገር ሰዎች ሳቅ፣ ተረትና እርሻ ምንም ያላየ ተመልካች፣ ስለ ሞታቸው ሲነገረው ቍጥር ብቻ ይሰማል።

ሌሎች አገሮች በዚህ ረገድ ያደረጉትን ማየት አይከፋም። ጃፓናዊው ኢሳኦ ታካሃታ እ.ኤ.አ. በ1974 «ሃይዲ» የተባለውን ባለ 52 ክፍል የልጆች ሥዕላዊ ፊልም ከመሥራቱ በፊት፣ ሠዓሊዎቹን ይዞ ወደ ስዊዘርላንድ ተጓዘ። መነሻው ዮሐና ስፒሪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈችው መጽሐፍ ነው፤ ታካሃታ ግን መጽሐፉን አንብቦ ብቻ አልተቀመጠም፤ ቤቱን፣ ግጦሹን፣ የተራራውን ብርሃን በዐይኑ አየ። ውጤቱ የጃፓን ልጆች ረግጠውት የማያውቁትን የአልፕስ ተራራ እንደ መንደራቸው አወቁት፤ አድገውም ሊያዩት ሄዱ። እዚህ የተነሣው ቁም ነገር የገንዘብ ብዛት አይደለም። ከመሣል በፊት ሄዶ ማየት ነው።

በአገራችንም ከ1999 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ የተላለፈው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፣ በአሻንጉሊት ቀጭኔ አማካይነት ልጆችን ፊደልና ንጽሕና ያስተማረው ዝግጅት፣ በጥቂት አቅም ብዙ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት ማግኘቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች መተርጐሙ ደግሞ አንድ እርምጃ ነው። ሆኖም መተርጐም ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚሄድ መንገድ ነው። የተገላቢጦሹ መንገድ፣ ከቡለን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው፣ ገና አልተጠረገም።

«ተረት በእሳት ዳር ነው ውበቱ፤ ካሜራ ይገድለዋል» የሚል ክርክር ከአንዳንድ የባህል ሰዎች ይሰማል። ተስፋዬ ሣህሉ ለዚህ ክርክር በሥራው መልስ ሰጥቶበታል፤ እሳቱን በስቱዲዮ መብራት ሲተካው ተረቱ አልሞተም። ደግሞስ ተረቱን ይዞት የነበረው እሳት ዳር ሰው ሲፈናቀል አብሮ ተፈናቅሏል፤ በድንኳን ውስጥ የሚያድግ ልጅ አያቱ ከየትኛው ጉብታ ጀምራ ትተርክለት? ሥራው የሚጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አንዲት አሮጊት በቦርናኛ፣ አንድ ሽማግሌ በጉሙዝኛ፣ የራሳቸው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው የሚታየው ጋራ በስሙ እየተጠራ፤ ከታች የአማርኛ ጽሑፍ፤ ልጆቹ ከተለያየው ቤት ተሰብስበው ዙሪያውን። ጅቡም ያው ጅብ ነው። የሚጮኽበት ገደል ግን በዚህ ጊዜ ስም ይኖረዋል።