ባልጩት፦ የስምጥ ሸለቆው ጥቁር ብርጭቆ

ከሐዋሳ ሐይቅ በስተሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ባልጩት ያፈሰሰ ተራራ ነው። ሲሊካ የበዛበት የቀለጠ ዐለት ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ያለ ጥቁር፣ አንጸባራቂ ብርጭቆ ይሆናል። የተፈጥሮ ብርጭቆ ሁሉ ግን ከእሳተ ገሞራ አይወለድም፤ በግብፅና በሊቢያ ድንበር በረሃ፣ ከሰማይ የመጣ አካል አሸዋ አቅልጦ የሠራው ቢጫ ብርጭቆ የፈርዖን ቱታንክሃሙንን ጌጥ አስውቧል። የእኛው ባልጩት ከምድር ሆድ የወጣ ነው፤ የሰው እጅ የነካው ግን ከፈርዖኖቹ እጅግ ቀድሞ ነው። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ በጋደሞታ የኖሩ ሰዎች ከ270 ሺህ ዓመታት በፊት ባልጩት እየፈለጡ ሹል መሣሪያ ሠርተዋል።

የማደንቀው ስለቱን ብቻ ሳይሆን ጥበቡን ነው። ባልጩት በተገቢው ቦታና ማዕዘን ካልተመታ ከንቱ ስብርባሪ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ስለት የታሰበበት ምት ውጤት ነው።

ይህ ሙያ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። የሐዲያና የጉራጌ ቆዳ ፋቂዎች የባልጩት ስለት በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ አጣብቀው የከብት ቆዳ ሲያለሰልሱ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ማኅበረሰቡ ግን እነዚህን ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ሲንቃቸው ኖሯል። የሚገባቸው ክብር ነው። ጥበባቸውን ዛሬውኑ፣ አዋቂዎቹ በሕይወት ሳሉ፣ እንማር።