ጥበብ እና ጠይብ፦ በሠዓሊና በሸማኔ መካከል ስላለው የሥራ ሽርክና

በአማርኛ «ጥበብ» የሚለው ቃል ዕውቀትንና ኪነትን ይሰይማል፤ በሸማ ጠርዝ ላይ የሚሠራውን ባለ ቀለም ጌጥም ይሰይማል። ከዚያው ከ«ጠቢብ» የመጣው «ጠይብ» ግን ለአንጥረኛውና ለሸክላ ሠሪዋ የንቀት ስም ሆኖ ኖሯል። ሸማኔውም «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ተሰድቧል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። ሥራው ሲከበር ሠሪው ይናቅ ነበር። በዘመናችን ሠዓሊያንና በባህላዊ የሽመናና የጥልፍ ቤቶች መካከል የሚደረገውን ሽርክና ለመመዘን የሚነሣ ሐያሲም በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ይህ አከፋፈል በሌላ መልክ ወደ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ገብቶ እንደ ሆነ ነው።

ከሽርክናዎቹ ሁሉ እጅግ የታወቀው ጣሊያናዊው አሊጊዬሮ ቦኤቲ ከአፍጋኒስታን ጥልፍ ሠሪዎች ጋር የሠራቸው የዓለም ካርታዎች ናቸው። ሥራው በ1971 (እ.ኤ.አ.) በካቡል ተጀመረ፤ ከሶቪየት ወረራ በኋላ በፔሻዋር በተጠለሉ ስደተኞች እጅ ቀጠለ። ቦኤቲ ንድፉን ይልካል፤ ሴቶቹ በየቤታቸው ይጠልፋሉ፤ እርሱ ግን አብዛኞቹን በአካል አላያቸውም። ከዕለታት አንድ ቀን የአንዱ ካርታ ባሕር በሰማያዊ ፈንታ በሮዝ ክር ተሞልቶ ተመለሰ። ባሕር በሌለበት አገር ለሚኖር ሰው ውኃ ሰማያዊ ነው የሚለው የካርታ ልማድ ግዴታ አልነበረም። ቦኤቲ ይህን እንደ ስሕተት አልቆጠረውም፤ ከዚያ ወዲህ የባሕሩን ቀለም ምርጫ ለሠሪዎቹ ተወው። ሐያስያን ብዙ ጊዜ ይህን የሠዓሊው ለአጋጣሚ ልብን መክፈት አድርገው ያወድሱታል። ነገር ግን የቀለም ምርጫ አጋጣሚ አይደለም፤ የመረጠ ሰው አለ። ውሳኔው የሥዕሉን ትርጉም ከለወጠ፣ ወሳኟን «እጅ» ብቻ ብሎ መጥራት የሂሳዊ ንባብ ጉድለት ነው።

ደቡብ አፍሪካዊው ዊልያም ኬንትሪጅ ከማርጌሪት ስቲቨንስ የሽመና ቤት ጋር ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠራቸው ግዙፍ የግድግዳ ምንጣፎች ሌላ መንገድ ያሳያሉ። መነሻቸው ከተቀደደ ጥቁር ወረቀት የተሠሩ፣ ሸክም ተሸክመው የሚራመዱ ሰዎች ምስል ነው፤ ከጀርባቸው አሮጌ ካርታ ይታያል። የተቀደደ ወረቀት ጠርዝ በአንድ ቅጽበት የሚወለድ ነው። በሽመና ላይ ግን ያው ጠርዝ ማግ በማግ ላይ እየተደረበ፣ ቀስ በቀስ ይገነባል። የቅጽበቱን ግልፍታ በትዕግሥት መልሶ የሚያስገኘው ሸማኔው ነው፤ ይህም ትርጉም እንጂ ቅጂ አይባልም። እዚህ የሽመና ቤቱ ስም ከሠዓሊው ስም ጋር ይጠራል። ሆኖም የሚጠራው የቤቱ ስም እንጂ በየመሸመኛው ፊት የተቀመጡት ሰዎች ስም አይደለም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር እንደ ተሠራ የሚታመን፣ ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገባ የሐር መጋረጃ አለ። ዘውድ የደፉ ሰዎችና አጃቢዎቻቸው የተሣሉት በብሩሽ ሳይሆን በሽመናው ውስጥ ነው፤ ስልቱም ክሩ በተበሱ ካርዶች ውስጥ አልፎ እየተጠመዘዘ የሚሸመንበት ነው። ለብቻ የተሸመኑ ሦስት ክፍሎች ተሰፍተው አንድ መጋረጃ ሆነዋል። ምስሉን ያሰበውና ክሩን የቆጠረው አንድ ሰው ይሁን ሁለት፣ የማንኛቸውም ስም አልደረሰንም። ሥራው ግን ሥዕልና ሽመና በአንድ ቤት ይኖሩ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ዛሬ በሽሮ ሜዳ እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ የሚሸምነው የጋሞ ተወላጅ ጥለቱን የሚያወጣው በአብዛኛው ከወረቀት ሳይሆን ከራሱ ነው። የድሩን ክሮች ይቆጥራል፤ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እያስገባ ንድፉን ይሠራል። የሸማው ስፋት መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ በሚያቀብለው ክንዱ ይወሰናል። ስለዚህ ትልቅ ሥራ የሚፈልግ ሠዓሊ ስፌቱ የት እንደሚያርፍ ገና ከንድፉ ማሰብ አለበት። ይህን ሳያውቅ የተነደፈ ሥዕል በሸማ ላይ ሲወጣ ጎብጦ ይታያል፤ ጥፋቱም በሸማኔው ላይ ይላከካል። በሌላ በኩል ጥለቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ሸራ የሚያዛውር ሠዓሊ «ከባህል ተነሣሣ» ይባላል። ያው ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ በርካሽ ሲሸጥ ግን ነገሩ ኩረጃ ነው። በሸማኔው ኪስ በኩል ሲታይ የሁለቱ ልዩነት እምብዛም ነው።

እንግዲህ ሽርክና የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ሸማኔው «ይህ አይሆንም» ወይም «እንዲህ ቢሆን ይሻላል» ለማለት ሥልጣን ሲኖረው፣ ቃሉም በሥራው ላይ ሲታይ ነው። የስሙ በካታሎግ መጻፍና ሥራው በድጋሚ በተሸጠ ጊዜ ድርሻ ማግኘቱ ከዚህ ይከተላሉ። ሥልጣኑ ሳይኖር ስም ብቻ ቢጻፍ ምስጋና ነው፤ ሽርክና አይደለም። ሂስም የበኩሉን ለመወጣት ድርንና ማግን ማንበብ መማር አለበት። ንባቡም ከሸማኔው ላይ ሊቆም አይገባም፤ ከእርሱ በፊት ጥጡን ባዝታ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች። የፈትሏ ቅጥነትና ጥንካሬ ጥለቱ ምን ያህል ረቂቅ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ወስኗል፤ የእርሷ ስም ግን እስከ አሁን በየትኛውም ወገን ጥያቄ ሆኖ አልተነሣም።