ስለ ፈቃድ ወረቀትና ስለ ልምድ

አዲስ ሕግ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሣሉ። አንደኛው ወገን ሕጉ ምን እንደ ከለከለ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ወገን ግን ሕጉ ስለ ምን እንደ ከለከለ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ወገን ብዙ፥ ሁለተኛው ጥቂት ነው። ይህንንም ለማስረዳት የእንግሊዝ አገር ወጣት የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ስለሚሆን ለወጣት አንባቢዎቼ ባጭሩ እጽፈዋለሁ። ነገሩ የሌላ አገር ቢሆንም የወጣትነት ጠባይ በየአገሩ አንድ ነውና ትምህርቱ ከእኛ አይርቅም። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቀድሞ በዚያ አገር ገና የሚለማመድ ልጅ ያሻውን ያህል ጉልበት ባለው ሞተር ላይ ይወጣ ነበር። በ1961 ግን ተለማማጅ ከ250 ሲሲ የሚበልጥ ሞተር እንዳይነዳ ተከለከለ። ሆኖም ክልከላው በጎኑ ጋሪ የተገጠመለትን ሞተር አይነካም ነበር። ስለዚህ ትልቁን ሞተር የተመኘ ወጣት ፈተናውን አልፎ በደንቡ ከመውጣት ይልቅ፥ በጎኑ ጋሪ አስገጥሞ መንገዱን ቀጠለ።

በ1971 ደግሞ የ16 ዓመት ልጅ ከ50 ሲሲ የማይበልጥና እንደ ብስክሌት በእግር የሚገፋ መርገጫ ያለውን ሞፔድ ብቻ እንዲነዳ ታዘዘ። ሕግ አውጪው ያሰበው ዝግ ብላ የምትሄድ ትንሽ መጓጓዣ ነበር። ፋብሪካዎቹ ግን የሕጉን ፊደል አንብበው መንፈሱን ተዉት። ያማሃ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ኤፍ ኤስ 1 ኢ የሚባለውን ሞፔድ አቀረበ፤ መርገጫ አለው፥ 50 ሲሲም አያልፍም፤ ነገር ግን በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። መርገጫዎቹም ሁለቱ ወደ ፊት ዞረው የእግር ማሳረፊያ ይሆኑ ነበር። ልጆቹ በደስታ ገዙት። መንግሥትም በ1977 ተመልሶ አዲስ ሞፔድ በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሮጥ ሆኖ እንዲሠራ አዘዘ።

በ250 ሲሲውም ወሰን እንዲሁ ሆነ። በ1978 ሱዙኪ ያወጣው ባለ 250 ሲሲ ሞተር በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይደርሳል እየተባለ ይሸጥ ነበር፤ ይህንንም የ17 ዓመት ተለማማጅ በሕግ ሊነዳው ይችል ነበር። በ1983 ወሰኑ ወደ 125 ሲሲ ወረደ። በ1990 ማንም ተለማማጅ መሠረታዊ ሥልጠና ሳይወስድ ወደ መንገድ እንዳይወጣ ተደረገ። በ2013 በአውሮፓ አገሮች ስምምነት መሠረት ፈቃዱ እንደ ደረጃ ተከፋፈለ፤ በእንግሊዝ አገር በ17 ዓመት እስከ 11 ኪሎ ዋት፥ በ19 ዓመት እስከ 35 ኪሎ ዋት፥ ከዚያም ሁለት ዓመት የነዳ በ21 ዓመቱ፥ ያልነዳ ደግሞ በ24 ዓመቱ ማናቸውንም ሞተር ለመንዳት ይፈተናል። ታላቅ ሞተር ገዝቶ ጉልበቱን በማገጃ ማሳነስ ይቻላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጉልበቱ ከተፈቀደው ከእጥፍ በላይ የሆነውን ሞተር አሳንሶ መንዳት አይፈቀድም። ይህ የመጨረሻው ቃል ምን ያሳያል? ሕግ አውጪው ከብዙ ዓመት ማምለጫ በኋላ ነጂውን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ አምላጭ ማየት መልመዱን ያሳያል።

አሁን ወደ ትችቴ ልግባ፤ በመጀመሪያም ሕጉን ልንቀፍ። ይህ ሕግ የሚቈጥረው ዕድሜን ነው። የ24 ዓመት ሰው ከዚያ በፊት ሞተር ነክቶ ባያውቅም ሥልጠናውንና ፈተናውን ካለፈ በቀጥታ ትልቁን ይነዳል፤ በ17 ዓመቱ ጀምሮ በየዕለቱ በጥንቃቄ የነዳ የ20 ዓመት ልጅ ግን ይከለከላል። በየደረጃውም መፈተን ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች፥ ይልቁንም በሞተር ዕቃ እያደረሱ እንጀራቸውን የሚያገኙት፥ የመሠረታዊውን ሥልጠና ወረቀት በየሁለት ዓመቱ እያደሱ፥ የተማሪውን ቀይ ፊደል ለጥፈው፥ ዋናውን ፈተና ሳይቀመጡ ይኖራሉ። ትምህርትን ለማሳደግ የቆመው ደረጃ ለድኻው ልጅ ትምህርት የሚቆምበት ደረጃ ሆነበት ማለት ነው። ይህን የሚናገሩ ነጂዎች እውነት አላቸው፤ ሊሰሙም ይገባል።

ይሁን እንጂ የሕጉ ዋና አሳብ ትክክል ነው። ሞተር ብስክሌት እንደ መኪና አራት እግር የለውም። ነጂው በመታጠፊያ ላይ ሳለ በድንገት ፍሬን ቢይዝ ጎማው ይከዳዋል። በዝናብ ጊዜ የጉድጓድ ብረት ክዳን እንደ ሳሙና ያዳልጣል። መስቀለኛ መንገድ ላይ የመኪናው ነጂ ሞተሩን ሳያይ ሊታጠፍበት ይችላል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው የሰውየውን ፊት ሳይሆን የመኪናውን የፊት ጎማ ይመለከታል፤ ፊት ያየ ይመስላል፥ ጎማ ግን ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ይነበባል፤ እጅና እግር ግን መጽሐፍ አያነቡም። እነርሱ የሚማሩት በመደጋገም ነው፤ መደጋገምም ጊዜ ይፈልጋል። አነስተኛው ሞተር ለስሕተት ጥቂት ዋጋ ያስከፍላል፤ ትልቁ ግን የመጀመሪያውን ስሕተት የመጨረሻ ሊያደርገው ይችላል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቄስ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ማገጃውን በስውር የሚያስፈታው ወጣት ማንን አታለለ? ፖሊስን ያታለለ ይመስለዋል። ነገር ግን የጣለው የራሱን የመማሪያ ዘመን ነው። ቅጣቱም ቀላል አይደለም፤ ወረቀቱ ከሚፈቅድለት በላይ የሆነ ሞተር በመንዳቱ ይከሰሳል፥ የኢንሹራንስ ውሉም ሊፈርስበት ይችላል። በዚያ አገር ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ቢያንስ 6 የጥፋት ነጥብ ያስይዛል፤ ፈተና ካለፈ ሁለት ዓመት ያልሞላው ነጂ ደግሞ በ6 ነጥብ ፈቃዱን ተነጥቆ እንደገና ከተማሪነት ይጀምራል። ሁለት ዓመት ለመዝለል የቸኮለው ያለፈውንም ዘመን አጣ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

«ሕጉ ክፉ ስለ ሆነ ነው የጣስሁት» የሚል ቢኖር፥ ሕግን የሚቃወም ሰው እንዴት እንደሚቆም ልንገረው። በ1973 በእንግሊዝ አገር ማንም የሞተር ነጂ የራስ ቁር እንዲያደርግ ሕግ ሲጸና፥ ፍሬድ ሂል የሚባል ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ይህ የእያንዳንዱ ሰው ፈንታ ነው ብሎ ተቃወመ። ያለ ቁር በአደባባይ ነዳ፥ መቀጫውን አልከፍልም አለ፥ በተደጋጋሚም ታሰረ። በ1984 በ74 ዓመቱ በለንደን በፔንተንቪል ወኅኒ ቤት እስረኛ ሳለ ሞተ። እኔ አሳቡን አልደግፍም፤ የራስ ቁር ነፍስ ያድናልና። ነገር ግን ይህ ሽማግሌ ቁሩን ያወለቀው በዳኛ ፊት ሊናገረው በሚችል ምክንያት ነበር፤ ዋጋውንም ራሱ ከፈለ። ማገጃውን በሌሊት በጓሮ ፈትቶ ጧት ዝም ብሎ የሚነዳው ወጣት ግን ሕጉን አልተቃወመም፤ ሸሸው እንጂ። ከሽሽትም የተሻለ ሕግ አይወለድም፤ ከዚህ በላይ እንዳየነው፥ እያንዳንዱ ማምለጫ በኋላው ለሚመጡት ታናናሾች ጠበቅ ያለ ሕግ አወረሰ።

ስለዚህ ሕጉና ወጣቱ የተጣሉ ቢመስሉም ሁለቱም በአንድ ዓይነት የተሳሳተ ክንድ ይለካሉ። ሕጉ ዕድሜንና ኪሎ ዋትን ይቈጥራል፤ ወጣቱ ፍጥነትንና ኪሎ ዋትን ይቈጥራል፤ የተማረውን ያህል የሚቈጥር ግን የለም። ሕግ ለመማር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፥ ትምህርቱን ግን ሊሰጥ አይችልም፤ እርሱ የተማሪው ፈንታ ነው። መንግሥት ፈተናውን ለድኻው ልጅ የሚደረስበት ያድርግለት፥ በትጋት የነዳበትንም ዘመን ይቍጠርለት። ወጣቱም በበኩሉ በደሉን በግልጽ ይናገር፥ ለሕዝብ እንደራሴው ይጻፍ፥ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ ይጠይቅ። እስኪሰሙት ድረስ ግን ትንሹን ሞተር በደንብ ይንዳ። አንተም፥ ወጣት አንባቢዬ፥ በሞተር ባይሆን በሌላ ነገር «ገና ነህ» መባልህ አይቀርም። ያን ጊዜ እንዴት እንደምታመልጥ ከመፈለግህ በፊት፥ ገና ያልቻልኸው ነገር ምን እንደ ሆነ ጠይቅ።