የጽጌረዳ ስፌት

ጽጌረዳ ለመግዛት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አበባውን ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ የማየው ግንዱ ከአፈሩ የሚወጣበትን ቦታ ነው። ተክሉ የተዳቀለ ከሆነ እዚያ ጋ ትንሽ እብጠት አለች። ከእብጠቷ በላይ ያለው ቅርፊት በቀለምም በእሾህም ከታችኛው ይለያል፤ ሁለት ተክሎች የተሰፉት እዚህ ላይ ነው። የታችኛው አበባው የማይፈለግ፣ ለሥሩ ጥንካሬ ብቻ የተመረጠ ጽጌረዳ ነው። በኢትዮጵያና በኬንያ የአበባ እርሻዎች ናታል ብራየር የሚባለው ዝርያ ለዚሁ ሥራ ይውላል። የላይኛው ደግሞ አበባው የተወደደለት ነው።

በእርሻዎቹ ቅጠል ያላትን አጭር ቁራጭ ሥር ከሚሆነው ዝርያ ቁራጭ ጋር አያይዘው፣ ሥር እያወጣ እንዲጋጠም አፈር ውስጥ ይተክሉታል። ፈጣን ዘዴ ነው። ለእኔ ግን የሙያው ጥራት ከሁሉ በላይ የሚታየው በአንዲት ዓይን ማዳቀል ላይ ነው። ዓይን የምትባለው ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት ላይ የተቀመጠችው ጉብታ ናት። መጠኗ ከምስር ፍሬ ያነሰ ነው፤ አንድ ሙሉ ቁጥቋጦ ግን ከእሷ ይወጣል።

ዓይኗ የምትወሰደው አበባው ገና ከረገፈ ዘንግ ነው። የዘንጉን መብሰል እሾሁ ይናገራል። በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፉት ቀጭ ብሎ ከተነቀለና ቦታው እርጥብ ሆኖ ከቀረ ደርሷል። ቅርፊቱን ይዞ ከተላጠ ገና ለጋ ነው። ከዘንጉ ላይ የጫፎቹ ዓይኖች ያልጠነከሩ ናቸው፣ የታችኞቹ ደግሞ ያንቀላፉ፤ የሚመረጡት የመሀሎቹ ናቸው። ቅጠሉ ይቆረጣል፣ የቅጠሉ ዘንግ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። በኋላ መያዣ ይሆናል፤ ሌላም ጥቅም አለው።

ሰንጢው በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ነው፤ ቁርጡ ዝርግ የሚሆነው በዚያ ምክንያት ነው። ከዓይኗ በታች ገብቶ፣ ከሥሯ አልፎ፣ በላይዋ ይወጣል። በእጅ የሚቀረው ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጋሻ የመሰለ ቁራጭ ነው። ከጀርባው የተጣበቀው ስስ እንጨት በጥፍር ይላቀቃል። እዚህ ላይ አዋቂ ሰው ቁራጩን ገልብጦ ያያል። ከዓይኗ ጀርባ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ካለች ደህና ነው። በነጥቧ ፋንታ ጉድጓድ ከታየ የዓይኗ እምብርት ከእንጨቱ ጋር ወጥቷል ማለት ነው። ቅርፊቱ ሊይዝ ይችላል፤ የሚበቅል ነገር ግን የለውም። ይጣላል።

ሥር የሚሆነው ተክል የእርሳስ ውፍረት ሲኖረው ይበቃል። አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት በደንብ ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ግንድ ቅርፊቱ ሳይቀደድ ይነሳል። አውሮፓ ውስጥ ማዳቀሉ የሚሠራው በበጋቸው ወራት ነው። በደጋው አገራችን ጽጌረዳ የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ፣ ተክሉ እስካደገና ውኃ እስካገኘ ድረስ ሥራው በሌላም ጊዜ ይሠራል። አንገቱ ከአፈር ተጠርጎ በላቲኑ ቲ ፊደል ቅርጽ ይሰነጠቃል፤ ቁልቁሉ 2.5፣ አግድሙ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል። ስለቱ እንጨቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሁለቱ ከንፈሮች በሰንጢው ጀርባ ይከፈቱና ጋሻው በቅጠሉ ዘንግ ተይዞ ወደ ታች ይንሸራተታል። ከአግድሙ በላይ የተረፈው ጫፍ ይቆረጣል፤ የጋሻው ጠርዝና የግንዱ ቅርፊት ጠርዝ ለጠርዝ መግጠም አለባቸው።

ይህ ጥንቃቄ ለውበት ብቻ አይደለም። በቅርፊትና በእንጨት መካከል ካምቢየም የሚባል እጅግ ስስ ሽፋን አለ፤ ግንዱን የሚያወፍረው እሱ ነው። ሁለቱን ተክሎች አንድ የሚያደርጉት ከዚህ ሽፋን አካባቢ የሚባዙ ሕዋሳት ናቸው። ሽፋኑ ከደረቀ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ዘንጎቹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ይቆያሉ፤ ከመቁረጥ እስከ ማሰር ያለው ጊዜም ያጥራል። ማሰሪያው የሚለጠጥ ስስ ላስቲክ ነው፤ ከታች ወደ ላይ እየተጠመጠመ ዓይኗን ብቻ ክፍት ይተዋል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ የተተወው የቅጠል ዘንግ በጣት ይነካል። ወዲያው ከወደቀ ዓይኗ ይዛለች። ቅጠል በወጉ ማርገፍ የሚችለው በሕይወት ያለ አካል ነውና። ጠቁሮ፣ ተጨማዶ ከተጣበቀ ሞታለች። እንዲህ ያለ ቀላልና የማያሻማ ምርመራ በአትክልት ሥራ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የአትክልት ጽጌረዳ በዘር ሲባዛ እናቱን አይመስልም። ቀጋችን፣ ያ ባለ አምስት ነጭ ቅጠል አበባ የደጋ ጽጌረዳ፣ በዘሩ ራሱን ይተካል። ለዘመናት ዝርያ ከዝርያ የተዳቀሉት ግን ከዘራቸው የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሜያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገኘው፣ ዳሩ ሮዝ የነካው ቢጫ ጽጌረዳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን ወደ አሜሪካ የተሻገረው ዓይን ባላቸው ዘንጎች ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. እዚያ ፒስ ተባለ፤ ሰላም ማለት ነው። ዛሬ በየአገሩ የሚያብቡት የፒስ ቁጥቋጦዎች በሙሉ የዚያች የመጀመሪያዋ ተክል ቁራጮች ናቸው።

ገዝተው ቤት ከወሰዱት በኋላም ስፌቱን መከታተል ያስፈልጋል። ከሥሩ በኩል ጠንካራ ቡቃያ ሊነሳ ይችላል፤ ሲያዩት ያስደስታል፣ ነገር ግን የሥር ሰጪው ነው፤ ከተተወ የላይኛውን ያደክመዋል። በአንዱ ቅጠሉ ላይ ሰባት ትናንሽ ቅጠሎች ካሉት ከሥር የወጣ ነው የሚሉ አሉ። በዚህ ምልክት አልተማመንም፤ ሰባት የሚያወጡ የአበባ ዝርያዎችም አሉ። መነሻውን እስከ ታች መከተል ይሻላል። ከስፌቱ በታች ከሆነ አፈሩ ይገለጥና ቡቃያው ከተነሳበት ወደ ታች ተጎትቶ ይገነጠላል። በመቀስ ከተቆረጠ ተረከዙ ላይ የሚቀሩት ዓይኖች በአንዱ ፋንታ ሁለት ሦስት ሆነው ይወጣሉ።