የኮርማና የሰው የታይሮይድ ቱመር፦ ንጽጽሩ ለካምባ ጤና ባለሙያ ምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ1969 ክሩክ፣ ሉትዋክና ማክኤንቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት አጭር ጽሑፍ፣ የሰውንና የከብትን የታይሮይድ ቱመር በማነጻጸር ረገድ ዛሬም ይጠቀሳል። ለታላቢ ላሞች የተዘጋጀ ካልሲየም የበዛበት መኖ ለዓመታት የተቀለቡ ኮርማዎች፣ ካልሲቶኒን ከሚያመነጩት ሲ-ሴሎች የሚነሣ ቱመር እንደሚታይባቸውና አጥንታቸውም ከልክ በላይ እንደሚጠጥር አመለከተ። ላሟ ያንኑ መኖ ብትበላም ካልሲየሙ በወተትና በጽንስ በኩል ይወጣላታል።

ምልከታው ጠንካራ ነው። ሆኖም ኮርማው እየገፋ ሲሄድ ዕድሜውም የበላው መኖም አብረው ስለሚጨምሩ፣ ጥፋቱ የየትኛው እንደ ሆነ ከዚህ ብቻ መለየት አይቻልም። ጥርጣሬውን ያጠናከረው የ1983ቱ የስፖነንበርግና የማክኤንቲ ጥናት ነው፤ በጉርንሲ ዝርያ ኮርማዎች ላይ ይኸው ቱመር ከአድሬናል ዕጢ ቱመር (ፊዮክሮሞሳይቶማ) ጋር በዘር እንደሚተላለፍ አሳየ። በሰውም የሜዱላሪ ካንሰር ሩብ ያህሉ በዘር የሚመጣ ሲሆን፣ ከአር.ኢ.ቲ. ጂን ጋር ያለው ትስስር በ1993 ታውቋል። ኮርማው ከሰው የሚመሳሰለው እንግዲህ ከመኖው ይልቅ በዘሩ ነው።

ወደ ካምባ ሲመጣ ንጽጽሩ ይጠብባል። የደጋው ከብት በግጦሽ፣ በገለባና በእንሰት ቅጠል የሚኖር ነው፤ ካልሲየም የበዛበት መኖ የሚቀለብ ያረጀ ኮርማ ማግኘት ያስቸግራል። ሰውንና ከብትን በእርግጥ የሚያገናኘው የአዮዲን እጥረት ነው፤ እጥረት ያለባት ላም አንገቱ ያበጠ ደካማ ጥጃ ትወልዳለች። አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው የኢትዮጵያ ቤተሰብ በ2011 ከመቶ 15 ገደማ ነበር፤ በ2016 ወደ 89 ደረሰ። ከዚያ በፊት ያደጉት አዋቂዎች ግን አንገታቸውን ይዘው ይመጣሉ። በአዮዲን እጥረት አካባቢ ጎልቶ የሚታየው ካንሰር ፎሊኩላር ነው፤ እርሱም የኮርማው ዓይነት አይደለም።

ችግሩ የቃልም ነው። «ዕጢ» ጤናማውንም አካል ቱመሩንም ይጠራል፤ «እንቅርት» የሚለው ስም ደግሞ ለአንገት ዕብጠት ሁሉ ይሰጣል። ለሃያ ዓመት እንቅርት ተብሎ የኖረ ዕብጠት ጠጥሮ ሲገኝ፣ ድምፅ ሲጎረና ወይም በጎን ንፍፊት ሲታይ ስሙ ሳይለወጥ ይቀራል፤ ታማሚዋም ወደ አርባ ምንጭ ሳትላክ ትዘገያለች።

የኮርማው ጥናት ለጤና ጣቢያው የሚተርፈው አንድ ነገር አለው፤ እርሱም አድሬናሉ ነው። በቤተሰቡ የአንገት ካንሰር ያለበት፣ ድንገተኛ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት የሚያጣድፈው ሰው የደም ግፊቱ ተለክቶ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ ያልታወቀ ፊዮክሮሞሳይቶማ በማደንዘዣ ጊዜ ሊገድል ይችላልና።